ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ እግርን መልሶ ማጠንከር፦ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ማሽንን ከእንቅስቃሴ ጋር እንዴት እንጠቀም?

ልቡን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ቤቱ የገባን ሰው ጠያቂ ሲመጣ የሚያየው ደረቱን ነው። ታማሚው ግን ከወንበር ልነሳ ሲል የሚከዳው እግሩ ነው። የጭን ጡንቻ ሥራ ካጣ ቶሎ ይከሳል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ትንፋሽ እያጠረው ለወራት ተቀምጧል። ከዚያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆይቷል። ቤት ሲገባ ደግሞ ዘመድ ሁሉ "ኧረ ተኛ፣ አትነሳ" ይለዋል። ጭኑ ቢሟሽሽ ምን ይገርማል?

ለዚህ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ጡንቻን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማሽን ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ፓዶች በኩል መጠነኛ ኤሌክትሪክ ይልካል። ኤሌክትሪኩ ጡንቻውን የሚያዘውን ነርቭ ይቀሰቅሳል። ጡንቻው ለጥቂት ሰከንድ ይኮማተራል፣ ከዚያ ይላላል። ልብ ላይ የሚጥለው ሸክም አነስተኛ ስለሆነ ገና በቅጡ መራመድ ላቃተው ሰው ይመቻል።

ብዙ እንዳይጠብቁ ግን ከወዲሁ ልንገርዎ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቪየና ውስጥ የልብና የደረት ቀዶ ሕክምና አድርገው ጽኑ ሕሙማን ክፍል በገቡ 54 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ማሽኑ የጭን ጡንቻን ከመሳሳት አላዳነውም። ጥንካሬያቸው ግን ማሽን ካልተደረገላቸው ቀድሞ ተመለሰ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሁለቱም ወገኖች ተቀራርበው ነበር። ብራዚል ውስጥ የልብ ቫልቭ (ደም በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ የሚከፈትና የሚዘጋው የልብ በር) ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ሰዎች ላይ የተሞከረው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚራመዱት ርቀት ላይ ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ እኔ ማሽኑን የማየው እንደ ምርኩዝ ነው። በጣም ለደከመ፣ ለብዙ ቀን ለተኛ፣ በዕድሜ ለገፋ ሰው ይጠቅማል። በአምስተኛው ቀን ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ ለሚል ጎልማሳ ገንዘብ ማባከን ነው።

1. መጀመሪያ የሐኪም ፈቃድ

ይህን ዘለው ወደ ቀጣዩ እንዳይሄዱ። የልብ ሐኪምዎን ወይም ፊዚዮቴራፒስትዎን "ጭኔ ላይ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ብጠቀም ችግር አለው?" ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ከዚህ በታች ካሉት አንዱ እርስዎን የሚመለከት ከሆነ ሐኪም በቀጥታ ካላዘዘ በቀር ማሽኑን አይንኩት፦

- ፔስሜከር ወይም ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል ሌላ ማሽን ተተክሎልዎት ከሆነ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ደረት ላይ ለጊዜው የሚተዉት ቀጫጭን ሽቦዎች ገና ካልወጡም እንዲሁ።
- እግር ላይ የረጋ ደም ካለ፣ ወይም ይኖራል ተብሎ ከተጠረጠረ። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ማለት ነው።
- የልብ ምቱ ገና ካልተረጋጋ፣ ወይም ትኩሳት ካለ።
- የሚጥል በሽታ ካለ፣ ወይም እርግዝና ካለ።
- ፓዱ በሚለጠፍበት ቦታ ቁስል፣ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ካለ፣ ወይም ቆዳው ደንዝዞ ስሜት ካጣ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች በዚህ የመጨረሻው ላይ ይጠንቀቁ። የማያመው ቆዳ ሲቃጠልም አይናገርም።

ደም ስለሚያቀጥነው መድኃኒት፣ ስለ ዋርፋሪን፣ ለብቻው ላንሳ። በአገራችን ብዙ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረገው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ በሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ቫልቭ ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ታማሚዎቹ ብዙ ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባላቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ዋርፋሪን ማሽኑን አይከለክልም። ነገር ግን የደም መቅጠኑ ልክ፣ ማለትም አይኤንአር፣ ከታዘዘልዎ በላይ ከወጣ ጡንቻ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ውጤቱ እስኪስተካከል ይታገሡ። ከተጠቀሙ በኋላ ጭንዎ ከበለዘ ወይም ካበጠ ያቁሙና ይደውሉ።

ሆስፒታል ሳሉ የሚጀመር ከሆነ ነርሷ ትወቅ። ኤሌክትሪኩ የልብ ምት መከታተያው ስክሪን ላይ ገብቶ ምቱ የተዛባ ሊያስመስል ይችላል። ክፍሉን ሁሉ በከንቱ ማስደንገጥ ምን ያደርጋል?

2. የትኛው ማሽን?

ገበያው ላይ ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ ነው። ቴንስ የሚባለው ማሽን ሕመም ለማስታገስ የተሠራ ነው፤ ይነዝራል እንጂ ጡንቻን በደንብ አያኮማትርም። እርስዎ የሚፈልጉት የጡንቻ ማነቃቂያ ነው፤ ኤንኤምኢኤስ ወይም ኢኤምኤስ ይሉታል። ሁለቱን አጣምረው የያዙ ማሽኖችም አሉ። "ቦርጭ ያጠፋል" እየተባለ የሚሸጠውን ቀበቶ ግን ይተዉት። ሆድ ላይ የሚታሰር ነው፣ ለደረትም ይቀርባል፣ ልኩንም እንደ ልብ ማስተካከል አይቻልም።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ ይህን ንገሯቸው፦ ሁለት መስመር ያለው፣ ድግግሞሹንና የሥራና የዕረፍት ሰከንዱን ለየብቻ ማስተካከል የሚቻል፣ በባትሪ የሚሠራ። ባትሪው መብራት ሲጠፋም ያገለግላል። መለዋወጫ ፓድም አብሮ ይምጣ፤ ማሽኑ ዓመታት ይቆያል፣ ፓዱ ግን ቶሎ መጣበቁን ያጣል።

3. ደረቱን ሳይረሱ

የደረት አጥንት ተከፍቶ በሽቦ ታስሯል። በአብዛኛው ለመጠገን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። እግር ለማጠንከር ሲሉ ደረትን መጉዳት የለም። ስለዚህ፦

ከአልጋ ሲነሱ ቀጥ ብለው አይቀመጡ። መጀመሪያ ወደ ጎን ይገልበጡ፣ እግርዎን ወደ ታች ይልቀቁ፣ ከዚያ ይቀመጡ። ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ትራስ ደረትዎ ላይ ይጠመጥሙ። ክንድዎን ከጎንዎ ብዙ ሳያርቁ ይሥሩ። ክብደት ከ4 እስከ 5 ኪሎ አይለፍ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው፤ እሱ ዳርቻው ነው። ሕፃን ማቀፍ፣ ምጣድ ማንሳት፣ ሊጥ ማቡካት ይቆዩ።

ስግደትም እዚህ ይገባል። ወድቆ በሁለት እጅ መሬት ገፍቶ መነሳት ለተከፈተ ደረት ከባድ ነው። አጥንቱ እስኪጠገን ቆመው ወይም ተቀምጠው አንገት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። የንስሐ አባትዎን ቢያማክሩ በሽተኛን አያስጨንቁም። ለሙስሊም ታማሚዎችም ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው።

4. ፓዱን መለጠፍ

ቦታው ጭን ነው። ደረት፣ አንገት፣ ሆድና ጀርባ ላይ ፈጽሞ አይለጠፍም። ኤሌክትሪኩ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዲሻገርም አያድርጉ፤ የአንድ መስመር ሁለት ፓዶች ሁልጊዜ አንድ እግር ላይ ይሁኑ።

ቆዳውን በውሃና ሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ቅባት፣ ቫዝሊን፣ ሎሽን አይቀቡ። ፀጉር ከበዛ በመቀስ ያሳጥሩት። ምላጭ ቆዳ ይጭራል፤ የተጫረ ቆዳ ላይ ኤሌክትሪክ ያቃጥላል።

ለጭን ሰፋ ያለ ፓድ ይሻላል፤ 5 በ9 ሴንቲሜትር የሚሆነው ጥሩ ነው። ፓድ በጠበበ ቁጥር ይወጋል። አንዱን ከብሽሽት ዝቅ ብለው በጭንዎ ፊት ለፊት፣ ወደ ውጪ ጠጋ አድርገው ይለጥፉ። ሌላውን ከጉልበት ሎሚ ሦስት አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ ባለው ሥጋ ላይ ያድርጉ። እግር ቀጥ አድርገው ጭንዎን ሲያጠብቁ የሚያብጠው እብጠት ነው። ፓዱ እዚያ ላይ ካረፈ ኤሌክትሪኩ ሲመጣ የጉልበት ሎሚ ወደ ላይ ሲሳብ ያያሉ። ካልተሳበ ፓዱን ትንሽ ያንቀሳቅሱት፤ የአንድ ሁለት ሴንቲሜትር ለውጥ ልዩነት ያመጣል።

ባይፓስ (ደም የተዘጋውን የልብ ደም ሥር አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና) የተሠራላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ከእግራቸው ደም ሥር ተወስዷል። በዚያ እግር ውስጠኛ ክፍል ረጅም ቁስል አለ፤ እብጠትም ይኖራል። ቁስሉ ላይም ዳሩም ላይ ፓድ አይለጥፉ። እስኪድን በሌላው እግር ብቻ መሥራት ይቻላል።

5. ልኩን ማስተካከል

ቁጥሮቹ ያስፈራሉ እንጂ አራት ናቸው። የፊዚዮቴራፒስትዎ ትእዛዝ ከእነዚህ ከተለየ የእሱን ይከተሉ።

ድግግሞሽ፦ ከ35 እስከ 50 ኸርዝ። ከዚህ በጣም ካነሰ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጠብቅም። በጣም ከበዛ ቶሎ ይደክማል።

የእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምት ርዝመት፦ ከ300 እስከ 400 ማይክሮ ሰከንድ።

ሥራና ዕረፍት፦ ለጀማሪ 5 ሰከንድ ሥራ፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ዕረፍት። ዕረፍቱ የረዘመው በምክንያት ነው። እኛ ስንንቀሳቀስ ሰውነታችን የጡንቻ ክሮችን እያፈራረቀ ያሠራል። ማሽኑ ግን እነዚያኑ ክሮች ደጋግሞ ይጠራል። ስለዚህ ቶሎ ይዝላሉ። ኤሌክትሪኩ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲወጣ የሚያደርግ ማስተካከያ ካለም ያብሩት፤ ድንገት ከመደንገጥ ያድናል።

ኃይል፦ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምሩ። መጀመሪያ መንዘር ይሰማዎታል። ያ አይበቃም። ጡንቻው በዓይን እየታየ እስኪጠብቅ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ጠንካራ ግን የሚቻል መሆን አለበት። ጥርስ የሚያስነክስ ከሆነ በዝቷል፤ ምንም ካልጠበቀ ደግሞ በከንቱ ተቀምጠዋል። ደቂቃ ጥቂት ሲሄድ ሰውነት ስለሚለምደው ትንሽ ይጨምሩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃ ይደርሳል፤ በሳምንት 5 ቀን። በማግስቱ ጡንቻ መጠዝጠዝ የተለመደ ነው፤ ለመራመድ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ቀንሱ ማለት ነው።

ሲጨርሱ መጀመሪያ ማሽኑን ያጥፉ፣ ከዚያ ፓዱን ከጥጉ ይዘው ቀስ ብለው ይላጡት። ቆዳው ትንሽ ቢቀላ በአንድ ሰዓት ገደማ ይመለሳል። ካልተመለሰ፣ ወይም ውሃ ከቋጠረ፣ ቃጠሎ ነው። ፓዱ መጣበቁን ካጣ ይጣሉት። በፕላስተር አስረው አይጠቀሙበት፤ ግማሹ ብቻ የተጣበቀ ፓድ ኤሌክትሪኩን አንድ ቦታ ሰብስቦ ያቃጥላል። ውሃ አጠገብ፣ መኪና እየነዱ ወይም እያንቀላፉ አይጠቀሙ። ፓድ ለሰው አይዋስም።

6. ከእንቅስቃሴ ጋር ማጣመር

ዋናው ነገር ይህ ነው። ማሽኑን ለጥፈው ቴሌቪዥን ቢያዩ የተወሰነ ጥቅም ያገኛሉ። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ እርስዎም አብረው ቢሠሩ ግን ይሻላል።

ወንበር ላይ ጀርባዎን አስደግፈው ይቀመጡ። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ጉልበትዎን ቀስ ብለው ይዘርጉ። ሲሄድ ቀስ ብለው ይመልሱ። ትንፋሽ አይያዙ፤ ሲዘረጉ ያውጡ። ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን ድንገት ያወጣል። ገና መዘርጋት ካልቻሉ አልጋ ላይ ከጉልበትዎ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርገው ወደ ታች ይጫኑት።

የእግር ጉዞውና ማሽኑ በአንድ ጊዜ አይሁኑ። እኔ የምመክረው ጠዋት እርምጃ፣ ከሰዓት በኋላ ማሽን ነው። ማሽን እንደጨረሱ ወዲያው ደረጃ አይውረዱ፤ ጭን ዝሎ ጉልበት ሊከዳ ይችላል። ጥቂት ተቀምጠው ይነሱ።

እርምጃው እንዴት ይጀመር? ቤት በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ግቢ ውስጥ ወይም ሳሎን ውስጥ። ከዚያ ደህና በሆኑበት ቀን አንድ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። ብዙ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳያቆም ይሄዳል። አዲስ አበባ ዳገት ነው፤ ሜዳ ይምረጡ። ዳገት ካልቀረልዎ መጀመሪያ ዳገቱን ይውጡና በመመለሻው ይውረዱት፤ ሲደክሙ ከፊትዎ አቀበት እንዳይጠብቅዎት።

ልኩን በልብ ምት ብቻ አይለኩ። ምት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ስለሚወስዱ ምቱ ድካምዎን ላይናገር ይችላል። በንግግር ይለኩት፦ እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ደህና ነው። ቃል በቃል እየተቆራረጠ ከወጣ ፍጥነቱን ይቀንሱ። መዘመር ከቻሉ ደግሞ ትንሽ ይፍጠኑ። ከ6 እስከ 20 የሚለካውን የድካም ሚዛን የሚያውቅ ፊዚዮቴራፒስት ካለዎት ከ11 እስከ 13 ባለው ይቆዩ ይልዎታል።

ሌላው ጥሩ እንቅስቃሴ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። እጆችዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ይነሱ። ካልቻሉ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት። በወንበሩ እጀታ ገፍቶ መነሳት ደረትን ይጎትታል። ከ5 ጀምረው ወደ 10 ይሂዱ። ቀጥሎ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳት ይመጣል፤ ለባት ነው፤ ደም ወደ ላይ እንዲመለስም ይረዳል።

አሜሪካ ለሚኖሩ፦ ሜዲኬር ከባይፓስና ከቫልቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ የልብ ማገገሚያ ፕሮግራም ይሸፍናል፤ የተለመደው 36 ክፍለ ጊዜ ነው። ቋንቋ ቸግሯቸው የሚቀሩ ብዙ ወላጆች አሉ። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ በነፃ ነው። እስራኤል ያላችሁ በኩፓት ሆሊማችሁ በኩል ጠይቁ። እዚያ ሳለ ቤት ውስጥ ብቻ መታገል አያስፈልግም።

ወዲያው የሚያስቆሙ ምልክቶች

የደረት ሕመም (ከቁስሉ ሕመም የተለየ፣ የሚያስጨንቅ)፣ ራስ ማዞር፣ ልብ መዝለል ወይም ያለ ሥርዓት መምታት፣ ተቀምጠውም የማይመለስ የትንፋሽ ማጠር። ንግግር መተሳሰር ወይም የአንድ ጎን ሰውነት መድከም ካዩማ አንድ ደቂቃም አይጠብቁ፤ ዋርፋሪን በሚወስድ ሰው ላይ በተለይ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112።

እነዚህ ደግሞ በዕለቱ ለሐኪም ይነገራሉ፦ ደረት ሲንቀሳቀሱ ቀጭ ቀጭ ማለት፣ ከቁስሉ ፈሳሽ መውጣት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክብደት በ2 ኪሎ መጨመር። የመጨረሻው ውሃ መቋጠር ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ።

ምግቡ

ጡንቻ ከኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ከምግብ ነው። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወተት ከቻሉ ጥሩ። የጾም ወቅት ከሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር አሉ፤ ጨውና በርበሬውን ብቻ ቀነስ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ታሳርፋለች። ባዶ ሆድ ይዞ እንቅስቃሴ መሥራት፣ በተለይ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ መውደቅን መጋበዝ ነው። ዋርፋሪን የሚወስዱ ጎመን አይከለከሉም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላ ሳምንት ጭራሽ አለመብላት ነው የደም ልኩን የሚያናጋው። ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው እግሩን ቁርጥማት ከያዘው ማሽኑን ከመውቀስ በፊት ፖታሲየሙን ያስለካ።

መሻሻሉን መለካትና ማቆም

በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ በዚያው ወንበር፣ አምስት ጊዜ ተነሥቶ ለመቀመጥ ስንት ሰከንድ እንደፈጀብዎት በስልክ ይለኩና ይጻፉ። እርምጃውንም እንዲሁ፦ በ6 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ሄዱ? ደብተሩን ቀጠሮ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ። ሐኪም "እንዴት ነዎት?" ሲል "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ከሚለው መልስ በላይ ይረዳዋል።

እጅ ሳይጠቀሙ ከወንበር በቀላሉ ከተነሱና 20 ደቂቃ ያህል በእግርዎ ከሄዱ ማሽኑ ሥራውን ጨርሷል። አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑን መቀጠል እርምጃን ለማስቀረት ሰበብ ይሆናል። ለሌላ ዘመድ መስጠት ካሰቡ አዲስ ፓድ ይግዙለት፣ ፔስሜከር እንደሌለው ይጠይቁት፣ ሐኪሙንም ያማክር።